የሚቋረጠው ሄድሴት፦ የ19 ቀን የጥገና ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ስብሰባ መሀል ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። ድምፁ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ያቺ የተቀዳች ሴትዮ ጆሮዬ ውስጥ «ዲስኮኔክትድ» ትላለች። ከአራት አምስት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «ኮኔክትድ»። በመሀል የተባለው ሁሉ አመለጠኝ። ሦስተኛው ላይ ጥያቄ የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።

ያለኝ ዕቃ ይሄ ነው። ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ዴስክቶፕ፣ ዊንዶውስ 11። የራሱ ብሉቱዝ ስለሌለው ከኋላው ጥፍር የምታህል የዩኤስቢ ብሉቱዝ ዶንግል ተሰክታለች። ማውሱም ኪቦርዱም በዚችው ዶንግል ነው የሚሠሩት። ሄድሴቱ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከስልኬም ጋር ፔር ተደርጓል (ተጣምሯል)።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሄድሴቱን ነው፤ አርጅቷል ብዬ። ግን ከመፍረዴ በፊት አንድ ፈተና ሠራሁ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁና ሄድሴቱን ከስልክ ጋር ብቻ አገናኝቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳመጥኩ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቤት ውስጥ ዞርኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። አንዴም አልጠፋም። ስለዚህ ሄድሴቱ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ነው፣ ካልሆነም በሁለቱ መሀል።

እስከዚህ ድረስ በጥሩ ሁኔታ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ግን ራሴን አሳፈርኩ።

ቀን 2

ብሉቱዝ ሴቲንግ ገብቼ ሄድሴቱን ከዝርዝሩ ሰረዝኩ። ይሄ ብቻውን ቢሆን ምንም አልነበረም። «ከሥሩ ላጽዳው» ብዬ ዴቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን መስኮት) ከፈትኩ፣ ዶንግሏ ላይ ራይት ክሊክ አደረግኩ፣ «አንኢንስቶል ዴቫይስ»። ኦኬ።

ቀስቷ ስክሪኑ መሀል ላይ ቀጥ አለች። ማውሱን ነቀነቅኩት፣ ምንም። ኪቦርዱን ነካካሁ፣ ምንም። ለካ ሁለቱም የሚተነፍሱት በዶንግሏ ነው። ድራይቨሯን፣ ማለትም ዊንዶውስ ዶንግሏን የሚያሠራበትን ፕሮግራም፣ ስነቅል እጄን አብሬ ነቀልኩት።

ባለገመድ ኪቦርድ አለኝ ብዬ ካርቶን ስገለብጥ 20 ደቂቃ ሄደ። ያገኘሁት መሰኪያው ክብ የሆነ የጥንት ኪቦርድ ነው፤ ይሄ ማሽን ደግሞ ያንን ቀዳዳ አያውቀውም። በመጨረሻ የፓወር ቁልፉን አንዴ ነካ አድርጌ ዊንዶውስ በሥርዓቱ እንዲዘጋ አደረግኩ። መልሼ ሳበራው ድራይቨሩን ራሱ ጫነ፣ ማውሱና ኪቦርዱ ነፍስ ዘሩ። ሄድሴቱን እንደ አዲስ ፔር አደረግኩት።

ከ40 ደቂቃ በኋላ፦ «ዲስኮኔክትድ»።

ለሚሞክረው ሰው፦ ማውሳችሁ ብሉቱዝ ከሆነ፣ የብሉቱዝ ድራይቨር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ባለገመድ ማውስ ሰክታችሁ ጀምሩ።

ቀን 3

የድራይቨር ቀን። አጭር ነው፣ አያኮራም።

«ድራይቨርዎን በነፃ እናድሳለን» የሚል ፕሮግራም አወረድኩ። ስካን አደረገና 14 ያረጁ ድራይቨሮች አሉህ አለኝ። ለማደስ ግን ክፈል። ነፃ የሆነው ማስፈራራቱ ብቻ ነበር። አጠፋሁት፤ ከኋላው የተዋቸውን የማስታወቂያ መስኮቶች ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ዶንግሏ ውስጥ ያለውን ቺፕ ከሠራው ኩባንያ ድራይቨሩን በቀጥታ አውርጄ ጫንኩ። ከዊንዶውሱ አዲስ ነበር። ጠዋት ላይ የተሻለ መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ያው ሆነ።

«ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት መጥፎ» የሚለውን ያኔ አላስተዋልኩትም። መልሱ ግን እዚያው ነበር።

ቀን 5

አዲስ ዶንግል ገዛሁ። የድሮዋ ብሉቱዝ 4.0 ናት፣ አዲሷ 5.3። ቁጥሩ ስለጨመረ ችግሩ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሁለት ዕቃዎች ሲገናኙ የሚጠቀሙት ሁለቱም የሚያውቁትን ብቻ ነው። ሄድሴቴ ደግሞ የድሮውን ብሉቱዝ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ 5.3 መሆኗ ለሱ ብዙም ትርጉም የለውም።

ሌላ ስህተት፦ የድሮዋን ሳልነቅል አዲሷን ሰካሁ። ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ የብሉቱዝ ሬዲዮ ብቻ ነው። አዲሷ ለምን አትታይም እያልኩ ግማሽ ሰዓት ተጨናነቅኩ። የድሮዋን ስነቅል ታየች።

አዲሷን የሰካሁት የድሮዋ በነበረችበት ቀዳዳ ነው። ይሄን በቀይ አስምሩበት። ማታ ላይ ያው «ዲስኮኔክትድ» መጣ፣ እኔም የማልፈልጋት ሁለተኛ ዶንግል ባለቤት ሆንኩ።

ቀን 6

በቃ። መነካካት አቁሜ መጻፍ ጀመርኩ። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ቢሻሻል እንኳ የትኛው እንዳሻሻለው አላውቅም።

ደብተር ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ሰዓት፣ ምን እየሠራሁ ነበር፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን ተሰማ፣ እንዴት ተመለሰ። ለሁለት ቀን ምንም አልቀይርም፣ ዝም ብዬ እመዘግባለሁ። ከባዱ ይሄ ነው። ሲጠፋ እጅ ወዲያው ወደ ሴቲንግ ይሄዳል።

ቀን 8

11 መስመር ሞላ። ሦስቱን እንደተጻፉ ልገልብጣቸው፦

«ጠዋት 4፡12። ረጅም ጽሑፍ እያነበብኩ፣ ምንም ድምፅ አልከፈትኩም። ሳይንኮሻኮሽ ዝም ብሎ ጠፋ። ማውሱን ስነካ ተመለሰ። ማውሱም ትንሽ ተኝቶ ነው የተንቀሳቀሰው።»

«ከሰዓት 9፡05። ሙዚቃ። ድምፁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተቆራረጠ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ጠፋ። ተመለሰ። እንደገና ጠፋ። ማውሱ ይዘላል።»

«ከሰዓት 10፡30። ስብሰባ ስገባ ድምፁ በጣሳ ውስጥ የሚያወሩ መሰለ። አልጠፋም፣ ግን ተበላሸ። ስወጣ ተስተካከለ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ «ሄድሴቱ ይጠፋል» እያልኩ የማወራው ስለ አንድ ችግር አልነበረም። አንዱ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚጠፋ ነው። ሌላው እየተንጫጫ የሚጠፋ፣ እሱም ሁልጊዜ ከሰዓት 9 ሰዓት በኋላ። ሦስተኛው ጭራሽ መጥፋት አይደለም። አንዱን ስፈታ ሌላው ስለሚመጣ ነው «አልሠራም» እያልኩ ወደ ሌላ የምዘለው የነበረው። ምናልባት የቀን 2 ሪስታርት ወይም የቀን 3 ድራይቨር አንዱን ነክቶት ይሆናል፤ ሌላኛው ግን ሸፈነው።

ከቀላሉ ልጀምር።

ቀን 9

ዝምተኛው። ፍንጩ ማውሱ ነው። ማውሱም ሄድሴቱም አብረው ከተኙ፣ የተኛችው ዶንግሏ ናት። ያስተኛት ደግሞ ዊንዶውስ ነው፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ዕቃ ያስተኛል። ለላፕቶፕ ባትሪ ይጠቅማል። ግድግዳ ላይ ለተሰካ ዴስክቶፕ ግን ምን እንደሚፈይድ እንጃ።

ሦስት ቦታ አጠፋሁት፦

ዴቫይስ ማናጀር ውስጥ ብሉቱዝ ሥር ዶንግሏን፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፓወር ማኔጅመንት። እዚያ «ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ ማጥፋት ይችላል» የሚል ሳጥን አለ። ራይቱን አነሳሁ።

እዚያው ዝቅ ብሎ ዩኤስቢ ሩት ሀብ የሚሉት፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ የሚገናኙበት፣ አለ። እሱም ተመሳሳይ ሳጥን አለው። ብዙ ሰው ዶንግሉን ነክቶ ይሄን ይረሳል። ቤቱን ከፍቶ ግቢውን እንደመቆለፍ ነው።

ሦስተኛው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ፣ ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ። ዲሴብልድ አደረግኩት።

ሪስታርት። ከዚያ ሄድሴቱን እንዳጠለቅኩ 30 ደቂቃ መጽሐፍ አነበብኩ፣ ኮምፒውተሩን ንክች አላደረግኩም። አልጠፋም። ማውሱም ሳይንገዳገድ ተነሳ። አመሻሹ ላይ እንደገና ለ1 ሰዓት ሞከርኩ፣ ያው ደህና።

ነገ እንዳልረሳ፦ ድራይቨር እንደ አዲስ ከተጫነ እነዚህ ራይቶች ሊመለሱ ይችላሉ። በቀን 3 ድራይቨር ስቀያይር የሆነውም ይሄ ይሆናል።

ቀን 10

አሁን የሚንጫጫው። እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ንጹሕ ሰው ከሰስኩ፦ ራውተሩን።

ክሱ መሠረት ነበረው። ብሉቱዝ የሚሠራው ከ2402 እስከ 2480 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። የድሮው ዋይፋይም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ሠፈር ናቸው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አዞርኩት። የራውተሩን 2.4 ደግሞ ከቻናል 6 ወደ ቻናል 1 ወሰድኩ። ማይክሮዌቩን ውሃ አስቀምጬበት ለሦስት ደቂቃ አበራሁ። አጠገቡ ስቆም ትንሽ ተንኮሻኮሸ፣ ጠረጴዛዬ ጋ ስመለስ ምንም።

9 ሰዓት ሆነ። ተንኮሻኮሸ። ጠፋ።

ቀን 11

ዛሬ 9 ሰዓት ሲደርስ ሥራዬን አቁሜ ዝም ብዬ ኮምፒውተሩን አየሁት። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር። ሙዚቃ ከፍቻለሁ። ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ከሳጥኑ ኋላ አንድ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ። ቶሎ ቶሎ ትላለች፦ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። የውጭ ሃርድ ዲስኩ መብራት ናት። በየቀኑ 9 ሰዓት ባክአፕ (የፋይሎቼን መጠባበቂያ ቅጂ) እንዲወስድ ራሴ ነኝ ያዘዝኩት፣ ከዓመት በፊት። ረስቼዋለሁ።

ሃርድ ዲስኩ የተሰካው የት ነው? ሰማያዊው የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ላይ። ዶንግሏስ? ከሱ ጎን። በመሀላቸው አንድ ጣት አይገባም።

ለማረጋገጥ ባክአፑን አቆምኩ። ድምፁ ጠራ። ከዚያ በእጄ አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ወደ ዲስኩ ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ። ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ መንኮሻኮሽ። ካንስል። ጠራ። ኮፒ፣ ተንኮሻኮሸ። ካንስል፣ ጠራ። አምስት ጊዜ ደገምኩት፣ አምስቱንም እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ታዘዘ። በ11 ቀን ውስጥ ደስ ያለኝ የመጀመሪያው መቋረጥ ይሄ ነው።

ምክንያቱን ሳነብ የታወቀ ችግር ሆኖ አገኘሁት። ዩኤስቢ 3.0 መረጃ የሚልከው በሰከንድ 5 ጊጋቢት ነው። በዚህ ፍጥነት ሲሠራ ከመሰኪያውና ከገመዱ የሬዲዮ ጫጫታ ያፈልቃል፤ ያ ጫጫታ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢም ይደርሳል። ኢንቴል በ2012 ይህንኑ የሚያስረዳ የቴክኒክ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር።

ራውተሩ ለምን ነፃ እንደወጣም አሁን ገባኝ። ብሉቱዝ አንድ ቦታ አይቀመጥም። መንገዱን 79 ቻናል አድርጎ ከፋፍሎታል፤ በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። የተያዘ ቻናል ሲያገኝ እያለፈው ሌላ ላይ ያርፋል። አንድ የዋይፋይ ቻናል የሚይዘው 20 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። ለብሉቱዝ የሚሸሽበት ቦታ ይተርፈዋል። የዩኤስቢ 3.0 ጫጫታ ግን መንገዱን በሙሉ ነው የሚያለብሰው። የትም ቢዘል ያው ነው። የዶንግሏ ጆሮ ደግሞ ጫጫታው የሚፈልቅበት ቦታ ላይ ተለጥፏል። ከሄድሴቱ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ከየት ትስማው?

በቀን 5 የገዛኋትም እዚያው ስለተሰካች ነው ያልፈየደችው።

ቀን 12

መፍትሔ መሞከር። እንደ ደብተሩ ሕግ አንድ በአንድ፣ በመሀል ያቺኑ ቪዲዮ ኮፒ እያደረግኩ።

የአሉሚኒየም ፎይል በሃርድ ዲስኩ ገመድ ላይ መጠቅለል። አዎ፣ ሞከርኩት። ምንም ለውጥ የለም፣ ገመዱ ብቻ ሳንድዊች መሰለ።

ዶንግሏን ከፊት ወዳለው ጥቁር የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ መውሰድ። በጣም ተሻሻለ። ጆሮ የሚሰማው መንኮሻኮሽ በየደቂቃው አንድ ሁለት ብቻ ሆነ። ግን እግሬን በፊቷ ሳሳልፍ ይጨምራል። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ዶንግሏ ጠረጴዛ ሥር፣ ሄድሴቱ ጭንቅላቴ ላይ፣ በመሀል ጭንና የጠረጴዛ እንጨት።

የኤክስቴንሽን ገመድ። መሳቢያ ውስጥ የአሮጌ ፕሪንተር ዕቃ ስፈልግ 1 ሜትር የሚሆን የዩኤስቢ 2.0 ኤክስቴንሽን አገኘሁ። አንዱን ጫፍ ፊት ለፊት ሰካሁ፣ ዶንግሏን ጠረጴዛው ላይ አወጣኋትና ከሞኒተሩ እግር ጋር በፕላስተር አሰርኳት። ኮፒ ጀመርኩ። 10 ደቂቃ። 20 ደቂቃ። አንድም ጭረት የለም። ማውሱ ራሱ ቅቤ ላይ እንደተቀመጠ ይንሸራተታል። ለካ እሱም ለወራት ሲሰቃይ ኖሯል፤ እኔ የማውስ ፓዱ ቆሽሾ ነው እያልኩ አጥበው ነበር።

ገመድ ስትመርጡ የዩኤስቢ 2.0 ውሰዱ። ብሉቱዝ ከዚያ የበለጠ ፍጥነት አይፈልግም፤ የ3.0 ኤክስቴንሽን ጥቅም የለውም።

ወጪ እስካሁን፦ ያልጠቀመችው አዲስ ዶንግል። የሠራው ገመድ በነፃ። ከዕቃው ይልቅ ዋናው ወጪ ጊዜው ነው፤ ደብተሩ ላይ ብደምረው 16 ሰዓት አካባቢ ይመጣል።

ቀን 14

አሁን የቀረኝ የጣሳው ድምፅ ነው። ይሄ ብልሽት ሳይሆን የድሮው ብሉቱዝ የራሱ ጠባይ ሆኖ ተገኘ።

ሄድሴቱ ሁለት አሠራር አለው። ሙዚቃ ስሰማ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይመጣል፣ ስቴሪዮ፣ ጥሩ ጥራት። ማይኩ ሲከፈት ግን ወደ ስልክ ዓይነቱ አሠራር ይቀየራል። ድምፅ መሄድም መምጣትም ስላለበት ጥራቱ ይወርዳል፣ ስቴሪዮውም ሞኖ ይሆናል። ስብሰባ ስገባ ሰዎቹ ጣሳ ውስጥ የገቡት ለዚህ ነው። ሲቀያየር ደግሞ ለአፍታ ዝም ይላል፤ እሱን ነበር አንዳንዴ «ጠፋ» ብዬ የጻፍኩት።

አማራጩ ማይኩን ከሄድሴቱ አለመጠቀም ነው። የድሮ ባለገመድ ዌብካም ነበረኝ፣ ማይክ አላት። በስብሰባው ፕሮግራም ሴቲንግ ውስጥ ማይክ የሚለውን ዌብካሟ፣ ስፒከር የሚለውን ሄድሴቱ አደረግኩ። ድምፁ ሙሉ ሆኖ ቀረ። የሥራ ባልደረባዬን «እንዴት ነው የምሰማው?» ስለው «ከድሮው ትሻላለህ፣ ግን ውሻው ይሰማል» አለኝ። ዌብካሟ የክፍሉን ድምፅ ሁሉ ትሰበስባለች። ወይ ጣሳውን ወይ ውሻውን መምረጥ አለብኝ ማለት ነው፤ ለጊዜው ውሻውን መርጫለሁ።

እግረ መንገዴን ሌላ ትንሽ ነገር አገኘሁ። ሄድሴቱ ከስልኩም ጋር በአንድ ጊዜ ስለሚገናኝ፣ ስልኩ ላይ መልእክት ሲገባ ለዚያች «ጢን» ብሎ የኮምፒውተሩን ድምፅ ያቋርጣል። ደብተሩ ላይ ምክንያት ያጣሁላቸው ሁለት መስመሮች የዚህ ናቸው። በሥራ ሰዓት የስልኩን ብሉቱዝ አጠፋለሁ።

ቀን 16

የመጨረሻ ፈተና። ሁሉንም በአንዴ፦ ባክአፕ እየሄደ፣ ስብሰባ ላይ ሆኜ፣ ኮምፒውተሩን ሳልነካ፣ ራውተሩን ወደ ቀድሞው ቻናል 6 መልሼ። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። መቋረጥ 0።

ስብሰባው ራሱ ግን አሰልቺ ነበር። አሁን ሁሉም ይሰማኛል።

ከሄድሴቱ ጋር ወጥ ቤት ሄድኩ፣ በመሀል ሁለት ግድግዳ አለ። እዚያ ይቆራረጣል። ይሄን አልታገለውም።

ቀን 19

የዊንዶውስ አፕዴት ገባ። ቀድሜ የሄድኩት ፓወር ማኔጅመንት ጋ ነው። የዶንግሏ ራይት አልተመለሰም፣ የሩት ሀቡም እንደተነሳ ነው። ሁለተኛዋን ዶንግል ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ ሌላ የኤክስቴንሽን ገመድም አብሬ።

ዛሬ የተመዘገበ መቋረጥ፦ አንድ፣ ማታ 3፡40። ቸኩዬ ደብተሩን ከፍቼ ሰዓቱን ከጻፍኩ በኋላ ባትሪውን አየሁ። ቻርጅ አላደረግኩትም ነበር። መስመሩን ሰረዝኩት።